የቧንቧ ውኃ በባሕር ዳር፦ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ቢል፣ ስለ ፈረቃና ስለ ሮቶ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ስለ ውኃ የሚነሳው አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚረዝመው የቆጣሪውን ቁጥር ጽፎ የያዘ ሰው ስለማይገኝ ነው። በአከራይና በተከራይ፣ በደንበኛና በቢሮ፣ በሻጭና በገዢ መካከል ያለውም ያው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደ ቆጣሪው ይመልሱዎታል። ታሪፍና የአገልግሎት ክፍያ በየጊዜው ስለሚከለስ የብር መጠን አልጻፍንም፤ የሚሠራበትን ዋጋ ከቅርብ ጊዜ ቢልዎ ላይ ያገኙታል።

ቢሉ ካለፈው ወር በእጥፍ ጨምሮ መጣ። ከየት ልጀምር?

ወደ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ቢሉ ላይ የአሁን ንባብ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ቆጣሪው ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩ። የቢሉ ቁጥር ከቆጣሪው ከበለጠ ንባቡ ተሳስቷል ወይም በግምት ተሞልቷል፤ ጉዳዩ የቢሮ ነው። ቆጣሪው ከቢሉ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ውኃው በእርግጥ አልፏል፤ የሚፈለገው ግቢዎ ውስጥ ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ውኃ መስመር ላይ ያለበትን ሰዓት ይምረጡ፤ መስመሩ ደርቆ እያለ የተደረገ ፍተሻ ምንም አይናገርም። ሮቶው ሞልቶ እስኪዘጋ ይጠብቁ። ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉ፣ ለቤተሰቡም ለአንድ ሰዓት ውኃ እንዳይነካ ይንገሩ። ከዚያ ቀዮቹን አኃዞች ጨምሮ ቁጥሩን ይጻፉ ወይም በስልክ ያንሱት። ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ኮከብ መሳይ ትንሽ ጎማም ይመልከቱ። ሁሉ ነገር ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ ውኃ እየሄደ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሮቶው በሚገባው መስመር ላይ ያለውን ሳራቺኔስካ (የመስመር መዝጊያ) ይዝጉ። ጎማዋ ከቆመች ችግሩ ሮቶው ላይ ወይም ከሮቶው በኋላ ነው፤ መዞሯን ከቀጠለች ፍሳሹ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው፣ ብዙውን ጊዜ መሬት ውስጥ በተቀበረው ቧንቧ ላይ ነው። የተቀበረ ፍሳሽ በበጋ ራሱን ያጋልጣል፦ ሌላው ግቢ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ሣር ሲለመልም፣ ወይም የግድግዳው ሥር ሁልጊዜ ረጥቦ ሲገኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተዘግቶ ቆጣሪው 10 ሊትር ከቆጠረ በቀን 240 ሊትር፣ በ30 ቀን ደግሞ 7.2 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ይህ ለአንድ አነስተኛ ቤተሰብ የወር ፍጆታ ሊሆን የሚችል መጠን ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለም የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ ያስቀምጡ፤ በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 3 ሊትር፣ በወር ከ2 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የጥቂት ብር ጎሚኒ (ቧንቧው ውስጥ ያለችውን ማሸጊያ ጎማ) መቀየር ብቻ ነው።

ምንም የሚፈስ አይታየኝም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። የት ተደብቆ ሊሆን ይችላል?

ሁለት ቦታ አስቀድመው ይመልከቱ። የመጀመሪያው የሽንት ቤት ፍላሽ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ ወይም ጥቂት ጥቁር ቡና ፍላሽ ታንኩ ውስጥ ጨምረው ሳይለቁት 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ የታችኛው ጎማ አልቋል። ውኃው በመካከል ባለው ትርፍ ማስወጫ ላይ እየተሻገረ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ዝቅ ብሎ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው፣ በፈረቃ ሰፈር እጅግ የሚጎዳው፣ የሮቶው ኳስ ነው። ኳሱ ካልዘጋ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፤ ውኃው የሚመጣው ደግሞ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፣ ሁሉም ተኝቷል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያመጣ መስመር በአምስት ሰዓት 3 ሜትር ኪዩብ ያፈሳል። ይህ በየፈረቃው ከተደጋገመ ቢሉ ለምን እንደናረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የትርፍ ማስወጫውን ቱቦ በቀጥታ ወደ ቦይ አይውሰዱት። ቆርቆሮ ላይ ወይም መግቢያው ደጃፍ ላይ እንዲወርድ ያድርጉ፤ ሲፈስ ይሰማል፣ ይታያል።

ቆጣሪ እንዴት ይነበባል?

ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ የሚከፈለው በእነሱ ነው። ቀዮቹ አኃዞችና ትንንሾቹ ቀይ መርፌዎች ሊትር ናቸው፤ ለፍሳሽ ፍተሻ ይጠቅማሉ እንጂ ለቢል አይገቡም። አንድ ሜትር ኪዩብ 1000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የወሩን ፍጆታ ለማግኘት ከአሁኑ ንባብ ያለፈውን ይቀንሱ።

በወር አንድ ቀን ይወስኑና ቆጣሪውን በስልክ ያንሱት። ፎቶው ቀን ይዞ ስለሚቀመጥ በኋላ በማንም ፊት ይቆማል። ይህን አንድ ልማድ ከያዙ ከዚህ ገጽ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት አያስቆጭም።

አንባቢው ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ነበር። ቢሉ ግን መጣ። በምን ተሠራ?

በግምት፣ ብዙውን ጊዜ ከቀደሙት ወራት አማካይ ተነስቶ። ግምቱ ከእውነተኛው ካነሰ ጥቅም መስሎ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ቆጣሪው በትክክል በተነበበ ዕለት ነው። ያልተቆጠረው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ይከመራል። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ ያለው ነው፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ከፍ ይላል። በሦስት ወር ተከፋፍሎ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚያርፈው ውኃ በአንድ ጊዜ ሲቆጠር ከፍተኛው ላይ ይወጣል።

እንዲህ ከገጠመዎ በየወሩ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው ይሂዱና ፍጆታው ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ ይጠይቁ። «ይቀነስልኝ» ሳይሆን «በየወሩ ይከፋፈልልኝ» ነው የሚባለው፤ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ለመቀበልም የቀለለ ነው። ለወደፊቱ ቆጣሪው ከበሩ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ቁጥሩን ለጎረቤት ይተዉ።

በአንድ ቆጣሪ አራት ተከራይ ነን። ሒሳቡን እንዴት እንካፈል?

በሰው ቁጥር መካፈል ቀላል ነው፤ ግን ቀን ሙሉ ሥራ የሚውለውንና ቤት ውስጥ ልብስ አጥቦ የሚያድረውን አንድ ያደርጋል። የተሻለው ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ዋናው ቆጣሪ 24 ሜትር ኪዩብ ቆጠረ። ንዑሶቹ 6፣ 9፣ 4 እና 3፣ በድምሩ 22 አሳዩ። ሁለቱ ሜትር ኪዩብ የግቢው የጋራ ቧንቧ፣ ፍሳሽና የቆጣሪዎቹ ልዩነት ነው። የቢሉን ጠቅላላ ብር ለ22 ያካፍሉና በየቤቱ ንባብ ያባዙ፤ ጉድለቱም በየፍጆታው ልክ ይደርሳል። ልዩነቱ ወር በወር እየሰፋ ከሄደ ግን ከመካፈል በፊት ፍሳሽ መፈለግ ይገባል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ታሪፉ የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። ለየብቻው 6 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ቤት ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ከፍ ባለው ደረጃ ይከፍላል። ይህ የአከራዩ ክፋት አይደለም፣ የታሪፉ አሠራር ነው። አከራይ ከሆኑ ለየቤቱ የደንበኛ ቆጣሪ ማስገባት ይቻል እንደሆነ መጠየቁ ለሁሉም ይበጃል።

ጣና ከደጃችን ተኝቶ ለምን ውኃ ይጠፋብናል?

ከተማዋ ለረጅም ዓመታት የኖረችው በሐይቁ ሳይሆን እንደ አረቄና ሎሚ ባሉ ምንጮችና በጉድጓድ ውኃ ነው። ያ ውኃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ ወደ ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ከማጠራቀሚያው በራሱ ክብደት ወደ ሰፈር ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ማጠራቀሚያው እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ይቀንስና መጀመሪያ የሚደርቀው ከፍ ብሎ ያለው ወይም ከመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሰፈር ነው። መብራት ሲመለስም ውኃ አብሮ አይመለስም፤ ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ባዶው ዋና መስመር ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቤትዎ የሚደርሰው። ሰዓታት የሚወስደው ለዚህ ነው።

የሐይቁን ውኃ ማጠጣት ደግሞ ቱቦ እንደመዘርጋት አይደለም። ጣና ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በነፋስ ይናወጣል፣ ደለሉ ይነሳል። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻ የታጠበ አፈር ያመጣሉ። ይህን ውኃ ለመጠጥ ለማብቃት ደለሉን የሚያረጋ ኬሚካል፣ ማዝቀጫ ገንዳ፣ የአሸዋ ማጣሪያና ክሎሪን ያለው ሙሉ ማጣሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ እሱም በመብራት ነው የሚሠራው።

ቀን ላይ ታች ያለው ቧንቧ ይፈሳል፤ ፎቅ ላይ ግን አይወጣም። ፓምፕ በቀጥታ መስመሩ ላይ ላስገባ?

አያስገቡ። ውኃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት አንድ ባር ግፊት ያስፈልጋል፤ ቀን ላይ ሁሉም ሲቀዳ ያ ግፊት አይገኝም፣ ሌሊት ይገኛል። በቀጥታ መስመሩ ላይ የገባ ፓምፕ ግን ግፊት አይፈጥርም፣ የጎረቤትን ይመጥጣል። ከዚያም የከፋው፣ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ሲያንስ በተሰነጠቀ ቧንቧና በላላ ማያያዣ በኩል ዙሪያው ያለው ውኃ ይገባል። ብዙ ቦታ የውኃ መስመሩ በመንገድ ዳር ቦይ አጠገብ ወይም በውስጡ ያልፋል። ወደ መስመሩ የሚገባው የቦዩ ውኃ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ሁለት ማጠራቀሚያ ማድረግ ነው። አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ ከመስመሩ በራሱ ጊዜ ይሞላል፤ ፓምፑ ከእሱ ቀድቶ ላይኛውን ይሞላል። ታችኛው ሲደርቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ኳስ ማብሪያ ያስገቡ፤ ደረቁን የሚዞር ፓምፕ ማሸጊያው ይቃጠላል።

ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃኛል?

ቤትዎ ውስጥ በቀን በሰው ስንት እንደሚጠፋ ከቆጣሪው ያገኙታል። በሰው 40 ሊትር ብንይዝ፣ አምስት ሰው በቀን 200 ሊትር ነው፤ 1000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያቆያል። ፈረቃው በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ 1000 ይበቃል፣ በሳምንት አንዴ ከሆነ አይበቃም።

ሰው የሚረሳው ክብደቱን ነው። 1000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን፣ 2000 ሊትር ሁለት ቶን ይመዝናል። በባሕር ዳር ጥቁር አፈር ላይ የቆመ የብረት ማማ እግሩ ሥር ኮንክሪት ከሌለው አፈሩ በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ ይዘማል። የሮቶው መቀመጫ ሙሉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ በሁለት እንጨት መካከል የተንጠለጠለ ሮቶ ከታች ይሰነጠቃል።

ውኃ ሲመለስ አየር እያፏጨ ቆጣሪውን ያዞራል። ለአየር እየከፈልኩ ነው?

አየር ቆጣሪን ማዞር ይችላል፣ እውነት ነው። ለመቀነስ ውኃ ሲጠፋ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ሳራቺኔስካ ይዝጉ፤ ሲመለስ መስመሩ ግፊት እስኪይዝ ትንሽ ይጠብቁና በዝግታ ይክፈቱ። ቧንቧ ከፍቶ መተኛት ግን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፦ አየሩን፣ ከዚያ የፈሰሰውን ውኃ።

ቆጣሪዬ የሚሮጥ ይመስለኛል። በምን አረጋግጣለሁ?

ሊትር በትክክል የተለካበት ዕቃ ያግኙ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል ለዚህ አይታመንም፤ ባለ 1 ሊትር መለኪያ ደጋግመው ሞልተው ጀሪካኑ ላይ 20 ሊትር የሚደርስበትን መስመር ያስምሩ። ከዚያ 10 ጀሪካን፣ ማለትም 200 ሊትር፣ ሳያቋርጡ ቀድተው የቆጣሪውን ልዩነት ይዩ። ጤነኛ ቆጣሪ በመደበኛ ፍሰት ከሁለት በመቶ በላይ መሳት የለበትም፤ በቤት መለኪያ ጥቂት ስሕተት ስለሚኖር 190 ወይም 210 ቢያሳይ አይፍረዱበት። 230 ካሳየ ግን በጽሑፍ ምርመራ ይጠይቁ።

ቆጣሪው በጎኑ ተጋድሞ ከተገጠመ ወይም መግቢያው ወንፊት በአሸዋ ከተሞላ ንባቡ ይዛባል። እሽጉን ቆርጠው ራስዎ ለማጽዳት አይሞክሩ፤ እሽጉ የተነካ ቆጣሪ ላይ ያለዎት አቤቱታ በሙሉ ወደ እርስዎ ክስ ይዞራል።

አዲስ መስመር ለማስገባት ምን ያስፈልጋል? የሚዘገየውስ ለምንድን ነው?

መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ በሌላ ሰው በኩል ከሆነ ውክልና ያዘጋጁ። ካርታ ያልወጣለት ይዞታ ከሆነ ከቀበሌ የሚሰጥ ደብዳቤ ይቀበሉ እንደሆነ ኮፒ ከማስነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ባለሙያ ወጥቶ ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ቦታ ያለውን ርቀት ይለካል፣ የዕቃና የሥራ ግምት ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ውል ይፈረማል፣ ከዚያ ቅጥያው ይሠራል።

መዘግየቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከጥቂት ነገሮች ነው። በመታወቂያውና በካርታው ላይ ያለው ስም አለመገጣጠም አንዱ ነው፤ የአያት ስም ወይም አንድ ፊደል በቂ ነው። ዋናው መስመር ከይዞታው መራቁ ሌላው ነው፤ እንደ ዘንዘልማ ወይም ዓባይ ማዶ ባሉ እየሰፉ በሚሄዱ አካባቢዎች ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ ላይ ማመልከቱ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው አስፋልት ወይም ኮብልስቶን መቆረጥ ካለበት የመንገድ ፈቃድ መጠበቁ ነው።

ቁፋሮው በራስዎ ከሆነ ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ከ80 በላይ ይሁን። ቧንቧው ሹል ድንጋይ ላይ አይረፍ፤ ከሥሩና ከላዩ አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ያድርጉ። ከመደፈኑ በፊት ውኃ ለቀው ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ እጅ ይዳስሱ፣ ጉድጓዱንም ከግድግዳው ያለውን ርቀት ለክተው ፎቶ ያንሱት። ከዓመታት በኋላ ፍሳሽ ሲፈለግ ያ ፎቶ ግቢውን ሙሉ ከመቆፈር ያድናል።

ቤት ልገዛ ወይም ልከራይ ነው። ከውኃው በኩል ምን ልጠንቀቅ?

ቁልፍ በምትረከቡበት ሰዓት ሁለታችሁም ቆማችሁ ቆጣሪውን አንሱ፣ ቁጥሩንም ውሉ ላይ ጻፉት። ገዢ ከሆኑ የመጨረሻውን ቢል ብቻ አይመልከቱ፤ ውዝፍ አለመኖሩን የሚያሳይ ማረጋገጫ ሻጩ እንዲያመጣ ያድርጉ። ከዚያም የደንበኛ ስም ዝውውሩን አያሳድሩ። ቆጣሪው በሻጩ ስም እያለ ቢበላሽ ወይም ቢቋረጥ ለማስጠገን እንኳ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ።

ከተቋረጠ በኋላ የመጣው ውኃ ቡናማ ነው። ይጠጣል?

የመጀመሪያው አይጠጣም። ዝገትና ደለል የያዘ ነው። ወደ ሮቶው ከማስገባትዎ በፊት ከቆጣሪው ቅርብ ያለውን ቧንቧ ከፍተው እስኪጠራ ይቅዱና ለወለልና ለሽንት ቤት ያውሉት። ጎረቤት ሁሉ ጠርቶለት የእርስዎ ብቻ ከደፈረሰ የግቢዎ አሮጌ የብረት ቧንቧ ዝጓል ማለት ነው።

የክሎሪን ሽታ ያለው ውኃ የተበላሸ አይደለም፤ መታከሙን ያሳያል። ሽታው ካስቸገረዎ በተሸፈነ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቀድተው ያሳድሩት።

ከተጠራጠሩ ያፍሉት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው ከ100 ሳይሆን ከ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ወይም መብራት ከሌለ ሽቶ የሌለው አምስት በመቶ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ አጥልለው መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። ጥንካሬው ያልተጻፈበትን በረኪና ለመጠጥ አይጠቀሙ።

ሮቶ በየስንት ጊዜ ይታጠባል? እንዴት?

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ክረምቱ እንዳበቃ በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢሆን ይመከራል። ውኃው እስከ ታች ሲጎድል ደለሉን በብሩሽ ጠርገው ያውጡ፤ ሳሙና አያስፈልግም። ከዚያ ሞልተው ለ1000 ሊትር 1 ሊትር አምስት በመቶ በረኪና ይጨምሩ። በየቧንቧው የበረኪና ሽታ እስኪመጣ አንዴ ከፍተው ይዝጉና 24 ሰዓት ያቆዩት። ይህ ውኃ አይጠጣም፣ አትክልትም አይጠጣበትም። አፍስሰው አንድ ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ይሙሉ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሮቶ ውስጥ ደግሞ መውጫ የለም። ውስጡ የሚገባ ሰው ካለ ውጪ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይኑር።

ክዳኑን ሁልጊዜ ያጥብቁ። ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ያበቅላል፣ ትንኝም ይራባበታል።

ግቢያችን ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አለ። ለመጠጥ ይሆናል?

ሳይታከም አይሆንም። በሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ የሽንት ቤት ጉድጓዶችም እዚያው አፈር ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር ይመከራል፤ በጠባብ ግቢ ያ ርቀት ከየት ይመጣል? ጥርት ማለቱም ማስረጃ አይደለም። ለማጠቢያና ለሽንት ቤት ያውሉት፤ ግን የጉድጓዱን መስመር ከከተማው መስመር ጋር በቫልቭ እንኳ ቢሆን አያገናኙ። የሐይቁም ውኃ ያው ነው፤ በዳርቻው ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆች እየቀዱ መዋኘታቸውም ያሰጋል።

የሽንት ቤት ጉድጓድ መቼ ላስመጥጥ?

በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ። በክረምት የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ስለሚል ባዶ የሆነ ጉድጓድ ግድግዳው ሊናድ ይችላል፤ በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ የተመጠጠው በቀናት ተመልሶ በውኃ ይሞላል፣ ገንዘቡም ባከነ። የጣራ ውኃ ወደ ጉድጓዱ አይግባ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ክዳኑን ከፍተው ዱላ ዝቅ አድርገው ጥልቀቱን ይለኩ፤ ርዝመት በወርድ በጥልቀት ተባዝቶ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሆነ ካወቁ በስንት ምልልስ እንደሚያልቅ መስማማት ይችላሉ።

መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቷል። ለማን፣ ምን ብዬ ልናገር?

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የአገልግሎቱ ነው። ለከተማዋ የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ወይም ለቀበሌዎ ሲያሳውቁ ክፍለ ከተማውንና ቀበሌውን፣ በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት፣ ውኃው ከመሬት የሚወጣ ይሁን ከሚታይ ቧንቧ፣ እንዲሁም መፍሰስ የጀመረበትን ሰዓት ይንገሩ። «ኅዳር 11 አካባቢ» ተብሎ የሰፈሩ ስም ብቻ ከተነገረ ጠጋኙ ቡድን ሰፈሩን ሲዞር ይመሻል። ስልክዎን ይተዉ፣ የተቀበለዎትን ሰው ስምም ይጠይቁ።

በቃል ደጋግሜ ተናገርኩ፣ መልስ የለም።

በጽሑፍ ያድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የደንበኛ ቁጥር፣ ችግሩ የጀመረበት ቀን፣ የሄዱባቸው ቀኖች፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር፣ አባሪ ፎቶና ቢል። በሁለት ኮፒ ይውሰዱና በእጅዎ የሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰም ሊባል ይችላል። መልስ ካልመጣ በዚያው ቁጥር ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማና ወደ ከተማ አስተዳደሩ ይሄዳሉ። የአስተዳደር በደል ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ እዚያ የሚጠየቁት የመጀመሪያ ነገር በታች ያሉትን ደረጃዎች መጨረስዎን ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ያልተከራከሩበትን ወር ቢል መክፈልዎን አያቋርጡ፤ ውዝፍ ከተመዘገበ መስመሩ ሊቆረጥ ይችላል፣ ለማስቀጠልም ተጨማሪ ይጠየቃሉ።